ብርሃን የማያጠግባቸው ኮራሎች፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

በዚህ ወር ስለ ጨዋማ ውሃ አኳሪየም ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ያነሱት አንድ ጉዳይ ነው፤ ፎቶሲንተሲስ የማያውቁ ኮራሎችን ቤት ውስጥ ማኖር። ስለዚህ ዓምዱን ሙሉ በሙሉ ለነሱ ሰጥተነዋል።

ለአዲስ አንባቢ በአጭሩ እንንገር። አብዛኛው ሰው ቤቱ የሚያኖረው ኮራል ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች አሉት። አልጌዎቹ ከብርሃን ስኳር ይሠራሉ፣ ኮራሉም ይካፈላቸዋል። የዛሬዎቹ ግን እነዚህ አልጌዎች የሏቸውም። የሚኖሩት ውሃው ይዞላቸው በሚመጣው ፕላንክተን፣ ማለትም በሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን ብቻ ነው። ጥቂት ናቸው ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ድንጋያማ አጽም ከሚሠሩት የኮራል ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ እንዲህ ናቸው። አንዳንዶቹ ፀሐይ በማይደርስበት ቅዝቃዜ ውስጥ ግዙፍ ሪፍ፣ ማለትም ከአጽማቸው የተከመረ የባሕር ውስጥ ክምር ይገነባሉ። በ2002 ኖርዌይ ባሕር ላይ የተገኘው የሮስት ሪፍ ከ300 ሜትር በታች ሆኖ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ባሕር ላይ ምግቡን የሚያመጣው ሞገዱ ነው። ቤት ውስጥ ግን ሰው ካላመጣው የሚያመጣው የለም፤ ከታች ያሉት ጥያቄዎች ሁሉ የሚነሱትም ከዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። 200 ሊትር ገደማ የሚይዝ አኳሪየም አለኝ። በቅርቡ ከሱቅ ብርቱካናማ ሰን ኮራል ገዛሁ። ሻጩ «መብራት አይፈልግም፣ ቀላል ነው» ብሎኝ ነበር። ቤት ከገባ ወዲህ ግን አንድም ቀን አልተከፈተም። በፖሊፖቹ (አፍና እጆች ባሏቸው የኮራሉ ትናንሽ አካላት) መካከል ያለው ሥጋ እየሳሳ ነጩ አጽም መታየት ጀምሯል። ውሃውን ስለካው ምንም ችግር የለበትም። ምን ጎደለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጎደለው ምግብ ነው። ኮራልህ እየተራበ ነው፣ ሥጋው የሚሳሳውም የራሱን ሥጋ እየበላ ስለሆነ ነው። ደግነቱ ፖሊፖቹ በሕይወት እስካሉ ድረስ ሊመለስ ይችላል፣ ስለዚህ ዛሬውኑ ጀምር።

ሻጩ «መብራት አይፈልግም» ያለው እውነት ነው። «ቀላል ነው» ያለው ግን ልክ አይደለም፣ እንዲህ ብለው የሚሸጡ ሰዎችም ያሳዝኑኛል፣ ምክንያቱም ገዢው ነገሩን የሚረዳው አብዛኛውን ጊዜ ኮራሉ ግማሽ ከሞተ በኋላ ነው። ሌላውን ኮራል ለሳምንት ብትረሳው መብራቱ በሰዓቱ እስከበራ ድረስ ይቆይሃል። ይሄኛው ካንተ እጅ በቀር ምንም የለውም። ውሃው ንጹሕ መሆኑም አይመግበውም።

አሁን ያለህበት ችግር እንዲህ ነው። የተዘጋ ፖሊፕ አይበላም። ያልበላ ፖሊፕ ደግሞ አቅም ስለሌለው አይከፈትም። በተፈጥሮው የሚከፈተው በጨለማ፣ ያውም ውሃው ውስጥ የምግብ ሽታ ሲኖር ነው። ስለዚህ ማታ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ትንሽ ቆይተህ፣ በረዶ የሆነ ማይሲስና ከሱ የሚያንሰውን ሳይክሎፕስ (ሁለቱም ሽሪምፕ መሰል ጥቃቅን እንስሳት ናቸው) በአንድ ኩባያ የአኳሪየም ውሃ ውስጥ አሟሟ። መጀመሪያ ጭማቂውን ብቻ በሲሪንጅ ኮራሉ አጠገብ ልቀቅና ታገስ። ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ውስጥ አፎቹ አበጥ ማለት ይጀምራሉ፣ ከዚያ ቀጫጭኖቹ እጆች ብቅ ይላሉ። ያኔ ፓምፖቹን አጥፋና ምግቡን በእያንዳንዱ ፖሊፕ ላይ በቀስታ ጣል ጣል አድርግ። ውሃውን በኃይል አትግፋበት፣ ይዘጋል። በረሃብ የቆየ ፖሊፕ ትልቅ ማይሲስ መያዝ ያቅተዋል፣ ስለዚህ በትናንሾቹ ጀምር፤ ሳይክሎፕስ ወይም አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (የጨው ውሃ ጥቃቅን ሽሪምፕ) ይሻላል። እጁን እየዘረጋ መያዝ ሲችል ወደ ማይሲስ ታሳድገዋለህ።

«እያንዳንዱ ፖሊፕ» ያልኩት ለአጽንኦት አይደለም። ኮራሉ አንድ አካል ይመስላል እንጂ አንደኛው ፖሊፕ የበላው ለሩቁ ፖሊፕ አይበቃውም። ፊት ለፊት ያሉት ወፍረው ከኋላ ያሉት የሞቱበት ሰን ኮራል በየቤቱ ታያለህ፣ ምክንያቱም ባለቤቱ እጁ የደረሰበትን ብቻ ነው የመገበው።

ሽሪምፖችና ዓሦች ካሉህ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ማጽጃ ሽሪምፕ ፖሊፑ ላይ ቆሞ ምግቡን ከአፉ አውጥቶ ይበላዋል፣ አንዳንዴም ሥጋውን ይቦጫጭቀዋል። ለዚህ ጥሩ መላ አለው። የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጠህ አውጣና ኮራሉ ላይ እንደ ጣሪያ ድፋበት፣ ምግቡን በላይኛው አፍ በኩል ልቀቅለት። ጠርሙሱ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቆይ፣ ውስጡ ያለው ውሃ ኦክስጅኑ ይቀንሳል። ኮራሉ በትንሽ ድንጋይ ላይ ከተጣበቀ ደግሞ ይበልጥ የምወደው መንገድ አለ፤ የአኳሪየም ውሃ በሞላ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አውጥተህ እዚያ መግበው፣ ሲጨርስ መልሰው። ትርፉ ምግብ ወደ አኳሪየምህ አይገባም። ስታነሳው ድንጋዩን ያዝ እንጂ ሥጋውን አትንካ።

ሰዓቱን አትቀያይር። በየማታው በተመሳሳይ ሰዓት ከመገብከው፣ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ተከፍቶ ይጠብቅሃል። ብዙዎቹ በኋላ ቀንም መከፈት ይለምዳሉ፣ ያን ጊዜ ብርቱካናማው ቢጫ አበባ ሲመስል ታየዋለህ። እስኪያገግም በየቀኑ፣ ካገገመ በኋላ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ጊዜ መግበው። ቦታውን በተመለከተ፣ ከድንጋይ ሥር ወይም ጥላ ባለበት አስቀምጠው። ብርሃን ራሱ አይጎዳውም፣ ነገር ግን በተራቆተው አጽም ላይ አልጌ ይበቅልና ሥጋው ተመልሶ እንዳይሸፍነው ያግደዋል። አልጌ ካየህ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይዘህ አጽሙን ብቻ ቀስ ብለህ አጽዳ።

ብዙ ጊዜ የምትጓዝ ከሆነ ወይም ማታ ማታ የምትሠራ ከሆነ ግን በቀጥታ ልንገርህ፤ አሁን ያለህን አድነህ ጊዜ ላለው ሰው ስጠው።

ጥያቄ፦ ከነታንያ፣ እስራኤል ነው የምጽፈው። ኤይላት ላይ ስጠልቅ ሮዝና ቀይ፣ ውሃ የሞላው ዛፍ የሚመስል ለስላሳ ኮራል አየሁ። በሕይወቴ እንዲህ የሚያምር ነገር አላየሁም። ጓደኛዬ ትንሽ ቅርንጫፍ ቆርጠህ ብታሳድገው ማንም አያይህም ይለኛል። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ አትቁረጥ። በእስራኤል ኮራል በሕግ የተጠበቀ የተፈጥሮ ሀብት ነው፣ የሞተውን ቁራጭ እንኳ ከባሕር ማውጣት ክልክል ነው። ግን ሕጉን ትተን ስለ ኮራሉ ብቻ ብናወራም መልሱ ያው ነው።

ያየኸው ዴንድሮኔፍቲያ ይባላል። ስለ አመጋገቡ የምናውቀው ትልቅ ነገር የተገኘው ደግሞ እዚያው አንተ በጠለቅክበት ባሕረ ሰላጤ ነው። ካታሪና ፋብሪሲየስ፣ ይሁዳ ቤናያሁና አማጺያ ጌኒን በ1995 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት ይህ ኮራል በዋናነት የሚኖረው በፋይቶፕላንክተን፣ ማለትም በውሃ ውስጥ በሚንሳፈፉ ጥቃቅን ዕፅዋት መሆኑን አሳዩ። ከዚያ በፊት ኮራል ሁሉ ሥጋ በል ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። የሚይዛቸው ትናንሽ እንስሳት ከሚያስፈልገው ጉልበት ጥቂቱን ብቻ ነው የሚሸፍኑለት።

ይሄ ለቤት ምን ማለት ነው? ሰን ኮራል በቀን አንዴ ጠግቦ ይውላል። ዴንድሮኔፍቲያ ግን መጠናቸው ከጥቂት ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) የማይበልጥ ነገሮችን ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ ከሚሮጥ ውሃ ላይ እየለቀመ ነው የሚኖረው። በሲሪንጅ አይመገብም። በሰዓት ቆጣሪ የሚሠራ ፓምፕ፣ ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠ ሕያው ፋይቶፕላንክተን፣ ጠንካራ ግን የማይገርፍ ፍሰት፣ ያን ሁሉ ምግብ መልሶ የሚያጣራ ትልቅ ሥርዓት ያስፈልገዋል። ያ ሁሉ ተሟልቶም ብዙዎቹ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ እያነሱ እያነሱ ይጠፋሉ። በጣም የሚያሳዝነው ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀለሙም ቁመቱም ስለማይቀንስ ሰው ተስማማው ብሎ ማሰቡ ነው። ከሱቅም ቢሆን አትግዛው፣ ለሽያጭ የሚቀርበው ከባሕር የተለቀመ ነውና።

እዚያው ሄደህ ደግመህ እየው። ሲያድግበት የምታየው ብዙ ጊዜ የወደብ ምሰሶና ሰው የሠራው ነገር ላይ ነው፤ ትናንሽ ቁርጥራጮችን ከራሱ እየጣለ፣ እነሱም በቀናት ውስጥ ሌላ ቦታ እየተጣበቁ ነው የሚስፋፋው። ውሃው ሲንቀሳቀስ ብትደርስ ሙሉ በሙሉ ተነፍቶ ታገኘዋለህ። ቤትህ ግን የዚህ ወገን ኮራል ካማረህ በሰን ኮራል ጀምር። እሱ አንድ ዓመት ከሰነበተልህ ዲዮዶጎርጂያ ወይም ሜኔላ የሚባሉትን ጎርጎኒያኖች (እንደ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ያላቸው ኮራሎች) ሞክር፣ እነሱ ሳይክሎፕስና ሮቲፈር የሚባለውን ደቃቅ እንስሳ የሚያክል ምግብ ይይዛሉ። ቺሊ ኮራል የሚባለው ለስላሳ ኮራልም ከዴንድሮኔፍቲያ ይልቅ ይቻላል፣ ገልብጠህ ከድንጋይ ጣሪያ ላይ ብትሰቅለው ይበልጥ ደስ ይለዋል።

ጥያቄ፦ እኔ ዱባይ ነው የምኖረው። ሰን ኮራልና ሁለት ጎርጎኒያኖች አሉኝ፣ በደንብ እመግባቸዋለሁ፣ እየተከፈቱም ነው። ችግሩ ከምግቡ ቅሪት የሚመጣው ናይትሬት በሊትር 60 ሚሊ ግራም፣ ፎስፌት 0.4 ደርሷል፣ መስታወቱም በሁለት ቀን አረንጓዴ ይለብሳል። ባለቤቴ «ምግቡን ቀንሺ» ይለኛል። ብቀንስ ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ምግቡን አትቀንሺ፣ የሚወጣውን ጨምሪ። ባለቤትሽ ያለው ለሌላ ዓይነት አኳሪየም ትክክለኛ ምክር ነው፣ ያንቺዎቹ ግን ምግቡ ከቀነሰ የሚከፍሉት በሥጋቸው ነው።

መጀመሪያ የሚባክነውን እዪ። ምግቡን ከማሟሟትሽ በፊት በወንፊት አጥቢው፣ የታሸገበት ጭማቂ ፎስፌት አለው። ለሽታው ትንሽ ጠብታ ብቻ አስቀሪለት። ሰን ኮራሉን በሳህን አውጥተሽ መግቢው። ከዚያ ወደ ማጣሪያው እንምጣ። ስኪመርሽ (ቆሻሻን በአረፋ ከውሃ የሚያወጣው መሣሪያ) ከአኳሪየሙ መጠን ከፍ ላለ የተሠራ ይሁን። የጨርቅ ማጣሪያ ካለሽ በየሁለት ሦስት ቀኑ ቀይሪው፣ እዚያ የተጠራቀመ ምግብ እዚያው ነው የሚበሰብሰው። በየሳምንቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ውሃ ቀይሪ። ኬቶሞርፋ የተባለውን አልጌ ከአኳሪየሙ ሥር ባለው የማጣሪያ ሳጥን ውስጥ ማታ ማታ መብራት እያበራሽ አብቅይና በየጊዜው እያጨድሽ ጣዪ፤ ያጨድሽው ሁሉ ናይትሬትና ፎስፌት ተሸክሞ ይወጣል።

ይሄ ሁሉ ካልበቃ አንዳንዶች ኮምጣጤ ወይም ቮድካ በጠብታ ይጨምራሉ። ባክቴሪያው ካርቦኑን በልቶ ሲራባ ናይትሬቱንና ፎስፌቱን ይይዛል፣ ስኪመሩ ደግሞ ባክቴሪያውን ያወጣል፣ ጎርጎኒያኖቹም ከዚያ ባክቴሪያ ሳይጠቀሙ አይቀሩም። ጥሩ መንገድ ነው፣ ግን በጣም በትንሹ ተጀምሮ በየሳምንቱ ነው የሚጨመረው። በአንድ ጊዜ ከበዛ ባክቴሪያው ኦክስጅኑን ጨርሶ ዓሦችሽን በአንድ ሌሊት ይገድላል። ዜሮ ለማድረስ አትሩጪ። ናይትሬት ከ20 በታች፣ ፎስፌት ወደ 0.1 ሲወርድ በቂ ነው፣ አወራረዱም ቀስ ይበል።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ልጨምር፣ ዱባይ ስለሆንሽ። ሙቀቱ ስንት ነው? ውሃው በሞቀ ቁጥር ኮራሉ ጉልበት ቶሎ ያቃጥላል፣ ይበልጥም ይርበዋል፣ ውሃውም የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። እነዚህን ከ23 እስከ 25 ዲግሪ ብትይዢያቸው ጥሩ ነው። በበጋ ለዕረፍት ስትሄዱ ኤሲውን አጥፍታችሁ የምትሄዱ ከሆነ ማቀዝቀዣ ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት። በረዶ ማይሲስ ውድ ሆነብኝ። ከሱፐርማርኬት የሚገዛ ሽሪምፕ መጠቀም እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ። ጥሬ ይሁን፣ ያልተቀቀለ፣ ጨውም ቅመምም ያልነካው። አጥበህ በምላጭ ደቅቀው፣ በየቀኑ የሚበቃውን በትንሽ በትንሹ ከፍለህ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጥ። በሱ ብቻ ግን አታኑረው፣ ዓሣ፣ ክላም (ባለ ሁለት ቅርፊት የባሕር እንስሳ) እና ሳይክሎፕስ ቀላቅል። አርቴሚያ ቤት መፈልፈልም ወጪ ይቀንስልሃል፤ በሊትር 25 ግራም ያህል ጨው ያለው ውሃ፣ 27 ዲግሪ ገደማ፣ መብራትና አየር ካገኘ በአንድ ቀን ይፈለፈላል። በተፈለፈለ በሰዓታት ውስጥ ስጣቸው። ሲቆይ ይዞት የተወለደውን ስብ ራሱ ይጨርሰዋል፣ ከዚያ በኋላ ብዙም ጥቅም የለውም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ልጄ ከውጭ ሲመጣ ትንሽ የባሕር አኳሪየም ሊያቆምልኝ ይፈልጋል። እነዚህ ኮራሎች መብራት አይፈልጉም ሲሉኝ ለኛ አገር የሚስማሙ መሰለኝ። ከጅቡቲስ ማምጣት ይቻላል?

መልስ፦ አባቴ፣ ሐሳብዎን ወድጄዋለሁ፣ ቤት ውስጥ ጊዜ ያለው ሰው ለነዚህ ኮራሎች ከማንም የተሻለ ነው። መብራትን በተመለከተ ግን ልጠንቀቅ። ለኮራሉ የሚበራ አምፖል አያስፈልግም፣ ኤሌክትሪክ ግን ሁልጊዜ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል። በምግብ የተሞላ ውሃ ደግሞ ከሌላው ውሃ ቶሎ ኦክስጅኑን ይጨርሳል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ውሃው ሊይዘው የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከመጀመሪያው ቀን ይኑርዎት፣ የውሃው ፊት ሁልጊዜ ይናወጥ፣ ዓሣ ጥቂት ብቻ ያስገቡ። ቅዝቃዜው በበኩሉ ይረዳዎታል፤ የሙቀት መስጫ ብቻ ነው የሚያስፈልግዎት፣ ማቀዝቀዣ አይገዙም። ውሃውን በአርኦ ማጣሪያ (ውሃን በስስ ሽፋን ገፍቶ በሚያጠራ መሣሪያ) ያሳልፉት፣ የቧንቧው ውሃ ክሎሪን አለው። ከዚያ በሊትር 35 ግራም ያህል የአኳሪየም ጨው ይበጥብጡበት። የወጥ ጨው ለዚህ አይሆንም፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይጎድለዋል።

ከጅቡቲ ስለማምጣት፣ ድንጋያማ ኮራሎች በሙሉ፣ ሰን ኮራልንም ጨምሮ፣ ለአደጋ በተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ላይ በወጣው ዓለም አቀፍ የሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ውስጥ ናቸው። ያለ ላኪው አገር ፈቃድ ድንበር አይሻገሩም። ልጅዎም ከውጭ ሲመጣ በሻንጣ ይዞ እንዳይመጣ ይንገሩት፣ ሊወረስበት ይችላል፣ ኮራሉም በመንገድ ይሞታል። የእኔ ምክር አኳሪየሙን በመጀመሪያ ያለ ኮራል ያቁሙት ነው። ጨዋማነቱንና ሙቀቱን መያዝ ይለማመዱ፣ አርቴሚያ ማስፈልፈሉንም በጎን ይጀምሩት። የመብራት መጥፋቱን ለጥቂት ወራት ከተወጡት፣ ስለ ኮራሉ መልሰው ይጻፉልኝ።

ጥያቄ፦ ታምፓ፣ ፍሎሪዳ። ሰን ኮራሌ ካገገመ በኋላ መስታወቱና ፓምፑ ላይ ትናንሽ ብርቱካናማ ነጥቦች ወጡ። በሽታ ነው? ቦታ ስለጠበበኝ የተወሰነውን ቆርጬ ባሕር ልጣለው?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጆች ናቸው። በደንብ የበላ ሰን ኮራል ፕላኑላ የሚባሉ እጮችን ይለቃል፣ የተመቻቸው ቦታ ላይ ይጣበቁና አንድ አንድ ፖሊፕ ይሆናሉ። ከሌሎቹ ይበልጥ ደቃቅ ምግብ ስጫቸው፣ አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ ይበቃቸዋል።

ባሕር ግን በፍጹም አትጣዪ፣ በተለይ ያለሽበት ቦታ። ሰን ኮራል የአትላንቲክ ተወላጅ አይደለም። ካሪቢያን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1943 ፖርቶ ሪኮና ኩራሳው ላይ ነው። ዛሬ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ የነዳጅ መድረኮችንና የሰመጡ መርከቦችን ሸፍኗል፣ ብራዚል ዳርቻም የአገሬውን ኮራልና ስፖንጅ ቦታ እየቀማ ነው። ቤትሽ እንዲኖር በማንኪያ ካልጎረስሽው የማይቆየው ይኸው ኮራል፣ ሞገድ ምግብ በሚያመጣበት ባሕር ማንም አይችለውም። የተረፈሽን ለሌላ አኳሪየም ላለው ሰው ስጪ ወይም ሱቅ ጠይቂ፣ ብዙዎቹ በደስታ ይለውጡልሻል። የማይፈለገውን ድንጋይ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ አስጪውና ከቆሻሻ ጋር ጣዪው። የምትቀይሪውንም ውሃ ወደ ባሕር ወይም ወደ መንገድ ቦይ ሳይሆን ወደ ቤት ፍሳሽ ድፊው፤ እጮቹ በዓይን ለማየት ያስቸግራሉ።